ሁዠር፣ ባጀር፣ ጎፈር፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሚኒያፖሊስ

አክስታችን ለመስቀል እንድንመጣ ከሚኒያፖሊስ ሲጎተጉቱን ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ እሺ አልን። ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በአውሮፕላን ከሦስት ሰዓት ያነሰ ነው። ወንድም ጋሼ ግን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አሜሪካን የሚያውቃት በመንገድ ቁጥር ነው። «ጭነት ሳልጭን፣ ሳልቸኩል አንዴ ልየው መንገዱን» አለ። በመኪና ለመሄድ ተስማማን።

እኔም የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ሥራ ቦታ ጎኔ የምትቀመጥ የኢንዲያና ሴት አለች። «ኢንዲያናን ነሽ?» (የኢንዲያና ሰው ነሽ ለማለት) ሲሏት ፊቷ ይለወጣል። «ሁዠር ነኝ» ትላለች። ትርጉሙን ስጠይቃት «በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም» አለችኝ፣ ኮራ ብላ። ምንጩ ባልታወቀ ስም ይህን ያህል መኩራት ከነከነኝ። ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ወደ ሚኒያፖሊስ የሚወስደው መንገድ ሙሉ በሙሉ ቅጽል ስም ባላቸው ሰዎች አገር ነው የሚያልፈው። የኦሃዮ ሰው ባክአይ ነው። የኢንዲያና ሁዠር። የኢሊኖይ ድሮ ሰከር ይባል ነበር። የዊስኮንሲን ባጀር፣ የሚኒሶታ ደግሞ ጎፈር። ማደሪያችንን በእነዚህ ስሞች መረጥን።

ሰኞ፦ ማሪየታ፣ ኦሃዮ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ወጣን። ወንድም ጋሼ የመኪናውን ኋላ በማቀዝቀዣ ሣጥን ሞልቶታል። እንጀራ፣ ሽሮ፣ አዋዜ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃም ሳይቀር። የሹፌር ልማዱ ነው። «መንገድ ላይ የሚበላው የሌለው ሰው ያገኘውን ይበላል» ይላል። ረቡዕና ዓርብ እንደምንጾም ስለሚያውቅ ነው ያሰበበት።

በ68 ቁጥር መንገድ ሄድን። ክፍያ የለውም። ሃንኮክን እንዳለፍን ተራራውን ለሁለት ሰንጥቀው ያሳለፉት መንገድ አለ፤ ሳይድሊንግ ሂል ይባላል። የድንጋዩ ንጣፍ በየቀለሙ ተደርድሮ ይታያል። አቁመን ቡና ጠጣን። ከዚያ የዌስት ቨርጂኒያ ኮረብታ ላይ ታች እያለ እስከ ኦሃዮ ወንዝ ወሰደን።

ማሪየታ ትንሽ ከተማ ናት። የመስኪንገም ወንዝ ከኦሃዮ ወንዝ የሚገናኘው እዚህ ነው። አንዳንዱ መንገድ አሁንም በጡብ የተነጠፈ ነው። በ1788 የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ያቋቋመችው የመጀመሪያው ቋሚ ሰፈራ ናት። ስሟ ከፈረንሳይ ንግሥት ከማሪ አንቷኔት ነው የተወሰደው። እኔን ግን ያመጣኝ ኮሎኔል ኤቤኔዘር ስፕሮት ነው።

ስፕሮት በጣም ረጅም ሰው ነበር። በ1788 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እዚሁ ሲከፈት ሰልፉን ሰይፉን መዝዞ መራ። ቆመው ያዩት የአገሩ ተወላጆች «ሄቱክ» ብለው ጠሩት ይባላል። ሄቱክ የባክአይ ዛፍ ስም ነው። የዛፉ ፍሬ ቡናማና የሚያብለጨልጭ ነው፤ አንድ ጎኑ ላይ ገርጣ ያለ ክብ ስላለው የአጋዘን ዓይን ይመስላል። የእንግሊዝኛው ስምም የአጋዘን ዓይን ማለት ነው። የመጀመሪያው ባክአይ ስፕሮት ነው የሚለው ወግ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ማሪየታ ውስጥ የሚጠራጠረው ሰው አላገኘሁም።

ስሙን አገር ያወቀው ግን በ1840 ምርጫ ነው። ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን የኦሃዮ ነዋሪ ነበር። ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር የተቃዋሚ ጋዜጣ አንቋሸሸው። አንድ በርሜል የፖም ጠጅ ስጡትና ከግንድ ጎጆው ውስጥ ቁጭ ብሎ ዕድሜውን ይጨርሳል የሚል ነበር ስድቡ። ደጋፊዎቹ አልተቆጡም። በባክአይ ግንድ ጎጆ ሠርተው በሰልፍ አዞሩት። የባክአይ ከዘራ ያዙ። ስለ ባክአይ ዘፈኑ። ሃሪሰን አሸነፈ። በነገራችን ላይ ሰውየው የቨርጂኒያ ባለጸጋ ልጅ ነበር፤ የግንድ ጎጆው ወሬ ለምርጫው የተዘጋጀ ነው። ሥልጣን ላይ የቆየውም አንድ ወር ብቻ ነው፤ ሞተ። ስሙ ግን ለኦሃዮ ሰዎች ቀረላቸው።

ያደርነው በአንዲት አሮጊት ቤት ነው። ሁለት ክፍል ያከራያሉ፤ 95 ዶላር ከቁርስ ጋር። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ሳህን ሙሉ የባክአይ ፍሬ አለ። በዚህ ወር ነው የሚረግፈው። ለሁለታችንም አንድ አንድ ሰጡን። «ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት፣ ዕድል ያመጣል። እንዳትቀምሱት ግን፣ መርዝ ነው» አሉን። ወንድም ጋሼ የእሱን መኪናው ውስጥ ከጊዮርጊስ ሥዕል አጠገብ አስቀመጠው።

ማክሰኞ፦ ኮለምበስ

ኮለምበስ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። የወንድም ጋሼ የድሮ የሥራ ባልደረባ ከነቤተሰቡ ይኖራል። እንደ ደረስን ቡና ተፈላ፤ ከዚያ ምሳ መጣ፤ ከምሳ በኋላ እንደገና ቡና። የኮለምበስ ሐበሻ ቤት ከእኛ ሰፈር ቤት ይሰፋል። ኪራዩን ሲነግሩን ወንድም ጋሼ ደጋግሞ ጠየቀ፤ እኛ ለሁለት ክፍል የምንከፍለውን እነሱ ግቢ ላለው ሙሉ ቤት ነው የሚከፍሉት።

ልጆቹ ሁሉም የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቀይና ግራጫ ለብሰዋል። ትንሹ ልጅ በሩ ላይ ተቀብሎ «ኦ ኤች!» ብሎ ጮኸብን። መልሱ «አይ ኦ!» ነው፤ ፊደሎቹ ሲገጣጠሙ ኦሃዮ ይሆናሉ። ወንድም ጋሼ መልሱን አጥንቶ ቀኑን ሙሉ ሲቀባበሉ ዋሉ። ዩኒቨርሲቲው ባክአይ የሚለውን ስም በይፋ የያዘው በ1950 ነው፤ ግዛቲቱ ዛፉን የራሷ ያደረገችው በ1953። ቅርብ ጊዜ ነው። ሕዝቡ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ይጠራበት ነበር።

ማታ ባክአይ የሚባለውን ጣፋጭ ቀመስን። የለውዝ ቅቤ ድቡልቡል ተደርጎ ቸኮሌት ውስጥ ይነከራል፤ አናቱ ላይ ትንሽ ሳይሸፈን ይተዋል፤ ፍሬውን እንዲመስል። አንዱ 1 ዶላር ከ50 ነው። ሁለት ይበቃል። ስኳሩ ከባድ ነው።

የቤቱ እመቤት የተናገሩትን ልጻፈው። «እኛ የት ነው አገራችሁ ስንባል አሁንም እናስባለን። እነዚህ ግን አያስቡም፤ ባክአይ ነን ብለው ይሮጣሉ» አሉ። ቅሬታ አልነበረበትም። እኔ ደስ አለኝ። ዘር የማይጠይቅ ስም ነው። እዚያ መኖር ይበቃል።

ረቡዕ፦ ኢንዲያናፖሊስ

ጾም ነው። ሽሮው ተራው ደረሰ።

በ70 ቁጥር መንገድ ኢንዲያናን ሲገቡ መጀመሪያ የሚያገኙት ከተማ ሪችመንድ ነው። የሁዠር ታሪክ በጽሑፍ ደምቆ የሚጀምረው ከዚህ ከተማ ሰው ነው። ጆን ፊንሊ ይባላል። «የሁዠር ጎጆ» የሚል ግጥም ጽፎ በጥር 1833 መጀመሪያ ቀን ኢንዲያናፖሊስ ጆርናል ላይ ወጣ። ግጥሙ ከአገር አገር ተዳረሰ። ፊንሊ ኋላ የሪችመንድ ከንቲባ ሆኗል። የሚገርመው፣ ግጥሙ ውስጥ ያለችው የሁዠር ቤት የባክአይ ጎጆ ነች ተብላ ነው የተገለጸችው። ስሞቹ ያኔም ጎረቤታሞች ነበሩ።

ኢንዲያናፖሊስ መሃል ላይ ትልቅ የጦር ሜዳ መታሰቢያ ሐውልት አለ፤ ከ86 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በ1902 ነው የተመረቀው። ዙሪያው አደባባይ ነው። እዚያ ከአንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ጋር ተገናኘን። ሐውልቱን ለእንግዳ የሚያስረዱ መስሎን ነበር፤ ለካ ምሳቸውን የሚበሉ ሰው ናቸው። ስለ ሁዠር ስጠይቃቸው ሳንድዊቻቸውን ጠቀለሉና ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩን።

መላምቱ ብዙ ነው። አንደኛው፣ በሩ ሲንኳኳ የድሮ ሰፋሪ «ማነው እዚያ?» ብሎ በእንግሊዝኛ የሚጮኸው ድምፅ ወደ ሁዠር ተለወጠ ይላል። ሌላው፣ በሉዊቪል በኩል ቦይ ያስቆፍር የነበረ ሁዠር የሚባል ሥራ ተቋራጭ ነበር፤ የኢንዲያና ሠራተኞችን ይመርጥ ስለነበር የሁዠር ሰዎች ተባሉ ይላል። ገጣሚው ጄምስ ዊትኮም ራይሊ ደግሞ ቀልዷል፦ ሰፋሪዎቹ ሲጣሉ ይነካከሱ ስለነበር ማግስቱን አንዱ መሬት ላይ ጆሮ ያገኝና «የማን ጆሮ ነው?» ይላል፤ በእንግሊዝኛ ድምፁ ሁዠር ይመስላል። ጄኮብ ፒያት ደን የተባለ የታሪክ ሰው በ1907 ጉዳዩን በደንብ መርምሯል። እሱ ቃሉን ከሰሜን እንግሊዝ ከከምበርላንድ የመጣ ነው ብሎታል።

እኔን የያዘኝ የሃሪ ሁዠር ነገር ነው። ጥቁር የሜቶዲስት ሰባኪ ነበር። በባርነት የተወለደ። ማንበብ አይችልም፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ግን በቃሉ ይወጣው ነበር። ከጳጳሱ ከፍራንሲስ አዝቤሪ ጋር እየዞረ ሰበከ፤ በ1806 አረፈ። እሱን ሰምተው ያመኑት ድሆች ሁዠር ተባሉ፣ ቃሉ ከዚያ መጣ የሚሉ ምሁራን አሉ። አስተማሪው «ማስረጃው ቀጭን ነው» አሉ። ቀጭን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ግን በየትኛውም መንገድ ቢሆን ስሙ ሊነሣ ይገባዋል።

ምንጩ ይለያይ እንጂ አንድ ነገር ላይ ሁሉም ይስማማሉ። ቃሉ በደቡብ ግዛቶች ስድብ ነበር። ያልሠለጠነ፣ የጫካ ሰው፣ ፋራ እንደማለት ነው። ወንድም ጋሼ እዚህ ላይ ገባ። ሴንት ሉዊስ መጋዘን ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ሲሰዳደቡበት በጆሮው ሰምቷል። አስተማሪው ሳቁ። «እዚያ አሁንም ስድብ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ክብር ነው» አሉ። ክብሩ እስከ መንግሥት ደርሷል። የአሜሪካ መንግሥት ማተሚያ ቤት የአጻጻፍ መመሪያ የኢንዲያናን ሰው «ኢንዲያናን» ብሎ ይጽፍ ነበር። የግዛቲቱ ሁለት ሴናተሮች አቤት አሉ። በጥር 2017 መመሪያው ተለወጠና ሁዠር ይፋዊ ስም ሆነ።

ስሰማቸው ያሰብኩት «ባላገር» የሚለውን ነው። ባለ አገር፣ ርስት ያለው ማለት ነበር። ከተሜው ስድብ አደረገው። አሁን ደግሞ ወጣቶች በኩራት መልሰው እያነሡት ነው። የኢንዲያና ሰው ገና በ1830ዎቹ የጀመረውን እኛ አሁን ነው የጀመርነው፤ ግን ጀምረናል።

ማታ መኝታ ቤቱ ክፍላችንን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ጠበቀን። 89 ዶላር የከፈልንበትን ደረሰኝ አሳየን፤ «ሲስተሙ ነው» ተባልን። ሌላ ፈልገን በ112 ዶላር ገባን። ምግብ ቤቶቹ በሙሉ የሚታወቁበት ከዳቦው የሚተርፍ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው። የሁዠር ፓይ የሚሉት ጣፋጭም በወተትና በስኳር የሚሠራ ነው። ምድጃውን ሰክተን ሽሮ አንፈቀፈቅን። ኮሪደሩ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ሸተተ። ማንም አልተናገረንም።

ሐሙስ፦ ጋሊና፣ ኢሊኖይ

በ74 ቁጥር መንገድ ወደ ምዕራብ። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ በቆሎ። ሌላ የምጽፈው አልነበረም፤ ጎማው ባይተነፍስ ኖሮ።

ከፒዮሪያ ወዲያ ነው። ወንድም ጋሼ በክሪክ አነሣና ስኮርታውን ገጠመው። ስኮርታው ቀጭን ስለሆነ በዝግታ ነው የሚነዳው። ከእርሻው ውስጥ አንድ ገበሬ በፒክአፕ መጥተው «ተከተሉኝ» አሉን። ወደ አንድ ጎሚስታ ወሰዱን። ብሎን ነው የበሳው፤ በ25 ዶላር ተደፈነ። ገበሬው እስኪያልቅ አብረውን ቆሙ። የኢሊኖይ ሰው ቅጽል ስሙ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። አሰቡ። «የሊንከን አገር ነው የምንባለው» አሉ። ያ የግዛቲቱ ስም ነው፣ የሰዉስ? «የለንም» አሉ።

ነበራቸው። ታሪኩ ያለው ጋሊና ነው።

ጋሊና ከሚሲሲፒ ወንዝ ብዙም የማትርቅ የጥንት የእርሳስ ማዕድን ከተማ ናት። ስሟም የማዕድኑ ስም ነው። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ ከደቡብ ኢሊኖይ ብዙ ሰው ለቁፋሮ ወደዚህ ይጎርፍ ነበር። በጸደይ በወንዙ ሽቅብ ይመጣሉ። ብርዱ ሲገባ ቁልቁል ይመለሳሉ። ሰከር የሚባል ዓሣ አለ፤ አፉ ወደ ታች የዞረ ሆኖ የወንዙን ወለል እየመጠጠ ይኖራል። እሱም በጸደይ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ሰዎቹን በዓሣው ስም ጠሯቸው። ሌላም ወግ አለ፦ ሜዳው ላይ ውኃ ሲጠፋ መንገደኛው ሸምበቆ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይመጥ ነበር ይላል። የሆነው ሆኖ ቃሉ በእንግሊዝኛ በቀላሉ የሚታለል ሰው መጠሪያ ሆነ። በዚያ ስም ካናቴራ የሚያሳትም ዩኒቨርሲቲ አይኖርም። ኢሊኖይ በ1955 የሊንከን አገር የሚለውን ይፋዊ መፈክር አደረገች፤ ሰከርን የታሪክ መጻሕፍት ብቻ ያስታውሱታል።

ከተማዋ ታምራለች። ዋናው መንገድ ቀይ ጡብ ነው፤ ቀድሞ ትልልቅ መርከብ ይገባበት የነበረው ወንዝ አሁን በደለል ሞልቶ ጠቧል። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄኔራል ዩሊሰስ ግራንት ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት እዚህ በአባቱ የቆዳ መደብር ይሠራ ነበር፤ ድል አድርጎ ሲመለስ በ1865 የከተማው ሰዎች ቤት ሰጥተውታል። ቤቱን አየነው። ዋጋው ግን የቱሪስት ነው፤ ሁለት ሾርባና ዳቦ 38 ዶላር።

ዓርብ፦ ፕላትቪልና ሚነራል ፖይንት፣ ዊስኮንሲን

የጉዞው ልብ ይህ ቀን ነው።

ከጋሊና ወደ ሰሜን ትንሽ ሄደው የግዛት ድንበር ያልፋሉ። ምድሩ አይለወጥም፣ እርሳሱም ያው እርሳስ ነው። ስሙ ግን ይለወጣል። ወደ ደቡብ ያልተመለሱት ቆፋሪዎች ናቸው ባጀር የተባሉት። ባጀር ጥፍሩ ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር ያለው፣ መሬት ቆፍሮ የሚኖር እንስሳ ነው። ቆፋሪዎቹ ቤት የሚሠሩበት ጊዜም እንጨትም አልነበራቸውም። ኮረብታውን ቦርቡረው፣ ወይም ያለቀ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ክረምቱን አሳለፉ። የዊስኮንሲን ክረምት ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ እዚህ ብርቅ አይደለም። ባጀር ሲባሉ ለሙገሳ አልነበረም። ጉድጓድ ውስጥ የሚያድር ሰው ማለት ነው።

ፕላትቪል ውስጥ በ1845 የተቆፈረ ማዕድን አለ፤ አስጎብኚ ይዞ ያስገባል። ደረጃውን ወርደን ውስጥ ስንገባ ቅዝቃዜው እጄን ነካኝ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። አስጎብኚዋ መብራቱን አጥፍታ አንድ ሻማ ለኮሰች። በዚያ ብርሃን ነበር ቀኑን ሙሉ የሚቆፍሩት። ወንድም ጋሼ ከወጣን በኋላ ብዙ አላወራም። እሱ አሜሪካ እንደ ገባ የመጀመሪያውን ክረምት ምድር ቤት ውስጥ ከስድስት ሰው ጋር ነው ያሳለፈው። ይህን የማውቀው እኔ ስመጣ የራሴን ክፍል አዘጋጅቶ ስለጠበቀኝ ነው።

ሊታለፍ የማይገባው ሌላ ነገር አለ። እርሳሱን እነዚህ ሰዎች አላገኙትም። ሆቻንክ፣ ሶክና መስክዋኪ የሚባሉት ሕዝቦች ከእነሱ በፊት ያወጡት፣ ይነግዱበትም ነበር። በ1832 የሶኩ መሪ ብላክ ሆክ ከአሜሪካ ጋር የተዋጋው ጦርነት አብቅቶ ነባሮቹ ከአካባቢው ተገፉ። የዊስኮንሲን ግዛተ ምድር የመጀመሪያ ገዥ የሆነው ሄንሪ ዶጅም ከሚዙሪ ባሪያዎች አምጥቶ በእርሳሱ ሥራ ላይ አሰማርቷል። እነሱም እዚያው ክረምቱን አሳልፈዋል። ባጀር የሚለው ስም እነሱንም ካልጨመረ ጎደሎ ነው። ማዕድኑ ውስጥ ያለችው አስጎብኚ ይህን ሳታስቀር ስለነገረችን አመሰገንኳት።

ሚነራል ፖይንት ግማሽ ሰዓት ገደማ ናት። በ1830ዎቹ ከእንግሊዝ ከኮርንዎል የመጡ ማዕድን ቆፋሪዎች ሰፈሩባት። እነዚህ ድንጋይ ጠርበው ቤት ሠሩ፤ ቤቶቹ ዛሬም አሉ። ሸክ ራግ የሚባል ጎዳና አለ፤ ሴቶቹ ምሳ ሲደርስ ጨርቅ እያውለበለቡ ከኮረብታው ወንዶቹን ይጠሩ ነበር ይባላል። ቆፋሪዎቹ የሚቋጥሩት ምግብ ፓስቲ ነው፦ ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ። ዓርብ ስለሆነ ሁለት ገዝተን ሣጥናችን ውስጥ አስቀመጥን፤ አንዱ 11 ዶላር። ማታ በእንጀራና በአዋዜ አለፈ። ያደርንበት ቤት ባለቤት የአዋዜውን ስም አስጽፋኝ ቀረች።

ቅዳሜ፦ ማዲሰን፣ ከዚያ ሚኒያፖሊስ

ማዲሰን ቅዳሜ ጠዋት ምክር ቤቱን ዙሪያውን የገበሬ ገበያ ይከበዋል። የዩኒቨርሲቲው የእግር ኳስ ጨዋታም ስለነበረ ከተማው በሙሉ ቀይ ለብሷል፤ ካናቴራው ላይ የባጀር ሥዕል። የአሜሪካውን እግር ኳስ ማለቴ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ያደረው ሰው ስም እዚህ ደርሷል። የምክር ቤቱ ጉልላት ላይ በወርቅ የተለበጠ የሴት ሐውልት ቆሟል፤ የራስ ቁሯ ላይ ባጀር ተቀርጿል። ከመሬት አይለይም፤ ወንድም ጋሼ በስልኩ አጉልቶ አሳየኝ። ውስጥ፣ ከገዥው ቢሮ ደጃፍ፣ ዊስኮንሲን ከምትባል የጦር መርከብ የመጣ የነሐስ ባጀር ነበር። አፍንጫው ብዙ እጅ ስለዳበሰው ያብረቀርቅ ነበር፤ ለዕድል ነው። እኛም ዳበስን።

ፓስቲውን ሣሩ ላይ ተቀምጠን በላን። ቀዝቅዞም ይጣፍጣል። ከገበያው ትኩስ የአይብ ቁርጥራጭ ገዛን፤ ሲያኝኩት ጥርስ ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። የዊስኮንሲን ሰው ሌላም ስም አለው፤ አይብ ራስ። የኢሊኖይ የስፖርት ደጋፊዎች የሰደቧቸው ነው። በ1987 ራልፍ ብሩኖ የተባለ የሚልዋኪ ሰው ከሶፋ ስፖንጅ የአይብ ቅርጽ ቆርጦ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ኳስ ሜዳ ሄደ። አሁን ኮፍያው በየሱቁ ይሸጣል። ሃሪሰን በባክአይ ጎጆው ያደረገውን ነው ያደረገው፤ በ150 ዓመት ገደማ ልዩነት። ወንድም ጋሼ የሰሜን ካሮላይናውን ጨመረልኝ፤ ቻርለት ጭነት ስለሚወስድ ያውቃል። ታር ሂል ይባላሉ፣ ተረከዘ ሬንጅ እንደማለት። ከጥዱ ሬንጅ እያወጡ የሚኖሩ ድሆች ስለነበሩ ነው። ዛሬ እነሱም በዩኒቨርሲቲያቸው ካናቴራ ላይ አትመውታል።

በ94 ቁጥር መንገድ አራት ሰዓት ነድተን በመሸ ሚኒያፖሊስ ገባን። አክስታችን ሳይቀመጡ ነው የጠበቁን። ዶሮው ወጥቶ፣ ጠላው ተጣርቶ። «ይህን ያህል ቀን መንገድ ላይ ምን ስትሠሩ ነው?» አሉ። ስነግራቸው የልጅ ልጃቸውን ጠሩና ካናቴራዋን አሳዩኝ። ጎፈር ነው። «አይጥ ለብሳ ትዞራለች» አሉ።

አይጥ አይደለም። ጀርባው ላይ መስመር ያለው፣ ሜዳ ላይ የሚቆፍር ሽኮኮ መሰል እንስሳ ነው። የሚኒሶታ ነባር ሰፋሪዎች በስሙ ተከራክረዋል፤ ቢቨር ይሻላል ያሉ ነበሩ። ጎፈር ሰብል ያጠፋል፣ ክብር የለውም ተባለ። በ1858 ሚኒሶታ ግዛት ስትሆን ለባቡር ሐዲድ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ይሰጥ የሚል ሕግ መጣ። ተቃዋሚዎች የካርቱን ሥዕል አሳተሙ። የሰው ጭንቅላት ያላቸው ጎፈሮች የባቡር ፉርጎ ሲጎትቱ ያሳያል፤ ፖለቲከኞቹን ለመሳደብ ነው። ብድሩ ጸደቀ፤ ሥዕሉም ስሙን ተከለ። የአክስታችን የልጅ ልጅ ይህን አታውቅም ነበር። ሁለቴ አስነገረችኝ።

እሑድ፦ ደመራ

በሥራ ቀን ሰው ስለማይመች እዚህ ደመራ በሳምንቱ መጨረሻ ይደረጋል። ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ተደመረ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች አንድ መኪና ይዘው ቆመዋል። ንፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ነጠላ ከጃኬት በላይ። አደይ አበባ ስለሌለ ቢጫ አበባ ከሱቅ ተገዝቷል።

አክስታችን በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲመጡ ያገኛቸውን ክረምት እዚያው ቆመው አወሩን። አውቶቡስ ሲጠብቁ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይደርቅ ነበር። አብረዋቸው ከመጡት ግማሾቹ ወደ ሞቃት ግዛት ሄደዋል፤ ላስ ቬጋስ፣ ዳላስ። እሳቸው ቀሩ። ስለ ባጀሮቹና ስለ ሰከሮቹ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙና «እኔማ ባጀር ነኛ» አሉ። የልጅ ልጃቸው ደነገጠች፤ ባጀር የተቃራኒ ቡድን ነው። ምሳው ላይ ክርክሩ እንደገና ተነሣ። አክስታችን አልተረቱም።

ስንመለስ በቺካጎ በኩል በፍጥነቱ መንገድ ነው የመጣነው። ለክፍያ መንገድ ብቻ ከ60 ዶላር በላይ አለቀ። በሄድንበት መንገድ አንድም ሳንቲም አልከፈልንም። ይህን መንገድ መሄድ የሚፈልግ ካለ መስከረም ጥሩ ነው፤ የባክአይ ፍሬ ይረግፋል፣ የማዲሰን ገበያ ክፍት ነው፣ በረዶም ገና ነው። ስኮርታችሁን ንፋስ እንዳለው አረጋግጡ። ሚነራል ፖይንት ላይ አንድ ሌሊት ሳይሆን ሁለት ሌሊት እደሩ።